ማዕረጉ ከሙያው ሲቀድም

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሕንፃ ግንባታ ላይ ነው። ወጣት መሐንዲሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ «መቼ ነው ሥራ አስኪያጅ የምሆነው?» ብለው ነው። ጥያቄው አያስከፋኝም፤ ማደግ መፈለግ ደግ ነው። ግን ስለ አንድ የእንግሊዝ መስፍን ላጫውታችሁ።

ጆርጅ ቪልየርስ ይባላል፤ የአነስተኛ ባላባት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1614 ከንጉሥ ጄምስ ጋር ሲተዋወቅ ገና 21 ዓመቱ ነበር። መልከ መልካም፣ ጭፈራ አዋቂ ነውና ንጉሡ ወደደው። ከዚያ ሹመቱ ጎረፈለት። በ1616 ቪስካውንት፣ በ1617 የበኪንግሃም ኧርል፣ በ1618 ማርኪስ፣ በ1623 ከሁሉም የሚበልጠውን ማዕረግ አግኝቶ ዱክ፣ ማለትም መስፍን ሆነ። እናቱና ወንድሞቹም ማዕረግ ደረሳቸው። በዚህ መሀል፣ በ1619፣ የባሕር ኃይሉ ዋና አዛዥ ተደረገ። የባሕር ላይ ውጊያ መርቶ አያውቅም።

ሰነፍ ነበር አልልም። በእሱ ጊዜ አዳዲስ መርከቦች ተሠርተዋል። ፈሪም አልነበረም፤ በ1627 ወደ ፈረንሳይዋ ሬ ደሴት ራሱ ዘመተ። የሳን ማርታንን ምሽግ ለወራት ከበበ። በመጨረሻ ወታደሮቹ ግንቡን በመሰላል እንዲወጡ ታዘዙ። መሰላሉ አጠረ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌም ያንገበግበኛል። ግንቡ እኮ ለወራት ፊታቸው ተገትሮ ነበር! ቁመቱን ገምቶ መሰላሉን የሚለካ አንድ ሰው ጠፋ? ሥራውን የማያውቅ አለቃ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበትም አያውቅም። ወታደሮቹ ግንቡ ሥር ረገፉ። ከዘመተው ጦር ከግማሽ በላዩ አገሩ አልገባም። ዱኩ ግን ከነማዕረጉ ተመለሰ።

በዓመቱ፣ ነሐሴ ወር 1628፣ በእንግሊዟ የወደብ ከተማ ፖርትስመዝ ጆን ፌልተን የሚባል መኮንን በቢላ ወግቶ ገደለው። ውዝፍ ደመወዙ ያልተከፈለው፣ እድገትም የተነፈገ ሰው ነበር። ግድያን አልደግፍም። ሕዝቡ ግን ለገዳዩ ጽዋ አነሳ። የሰዉ ምሬት እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር።

ሹመት ሲመጣላችሁ «ሹመት ያዳብር» የሚላችሁ ብዙ ነው። እናንተ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ሳይት ውረዱ። ከፎርማኑ ጋር ዋሉ። ፌሮ ሲታሰር አጠገቡ ቁሙ፤ ፌሮውን ዙሪያውን የሚያቅፈውን ብረት፣ የስታፋውን ርቀት ራሳችሁ ለኩ። ያልገባችሁን የቀን ሠራተኛውንም ቢሆን ጠይቁ፣ ምንም አያሳፍርም። ገና ነኝ ካላችሁም አለቃችሁን «ትንሽ ጊዜ ሳይት ላይ ልቆይ» በሉት። ቅር የሚለው አለቃ ሊኖር ይችላል። ቢሆንም ንገሩት።