ለሙከራ መሬት ልስጥ ወይስ አልስጥ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መጥተው ለዝርያ ሙከራ ትንሽ መሬት ጠይቀውሃል። አንተ ደግሞ «በኛ ግብር የሚኖር ተቋም ነው፣ አዳማ አፍንጫ ስር ተቀምጦ ለኛ ምን ሠራ? አሁን ደግሞ መሬት?» ብለሃል። ከጥያቄህ ስር አስተያየት ከሰጡት ግማሹ «ምንም አልሠራም» ብሎሃል፣ ግማሹ መፈክር ጽፎልሃል። እኔ በአሰላ መስመር በመስኖ ሽንኩርት አለማለሁ፣ የሽንኩርት ዘርም አባዛለሁ። የማውቀውን ልንገርህ።

ከሽንኩርቱ ልጀምር። የከተማችንን ስም የያዘው አዳማ ሬድ ከዚሁ ምርምር እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ዝርያ ነው። ቁም ነገሩ እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ዘር መስጠቱ ነው። ጥሩ ጥሩውን ኮረት (የሽንኩርቱን ራስ) መርጠህ ጥቅምት አካባቢ መልሰህ ትተክላለህ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ አበባ ያስወጣዋል። ከውጭ የሚገባው ሀይብሪድ (ከተለያዩ ወላጆች የተዳቀለ ዘር) ምርቱ አይታማም፣ ለገበያ እኔም እተክለዋለሁ። ግን ከሱ ዘር ይዘህ ብትደግም የተበታተነ ነገር ነው የሚወጣልህ። ስለዚህ በየዓመቱ መግዛት ነው። ዶላር በጠፋ ቁጥር ደግሞ ዋጋው ጣሪያ ይነካል። ያን ሰሞን የአዳማ ሬድ ዘር በእጁ ያለ ሰው ዘመዱ ይበዛል!

«ይሄን የግል ድርጅት አይሠራውም ወይ?» ያለ ሰውም አይቻለሁ። አንዳንዱን ይሠራል። ጤፍን ግን አስበው። ድሮ ጤፍ አይዳቀልም ነበር የሚባለው። አበባው በዓይን ለማየት ያስቸግራል፣ መቼ እንደሚከፈትም አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። ማዳቀል የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ቁንጮ በደብረ ዘይት ምርምር ከሁለት ዝርያዎች ተዳቅሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አንዱ ወላጁ ምርታማ፣ ሌላው ነጭና ገበያ የሚወደው። በመካከል ሠላሳ ዓመት አለ። ያውም ጤፍ በገዛ አበባው ብናኝ ስለሚያፈራና ዘሩ ስለማይለወጥ፣ አንዴ ዘሩን ያገኘ ገበሬ ለዓመታት ከጎተራው እያወጣ ይዘራዋል። ለዚህ የትኛው ነጋዴ ነው ሠላሳ ዓመት ደሞዝ የሚከፍለው?

ዝርያ አንዴ ወጣ ተብሎም አይቆምም። አርሲ ዘመድ ካለህ ስለ ስንዴ ጠይቀው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን ዝርያዎች መታቸው። አዲሶቹ ዝርያዎች ዳንዳአና ካካባ ባይደርሱ ኖሮ ጉድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሌላው የዋግ ዓይነት፣ ግንድ ዋግ፣ ዲገሉ የሚባለው ዝርያ ላይ ወጣ። ዋጉ ራሱን ይለውጣል፣ ዝርያውም መለወጥ አለበት። «ስንት ዝርያ አወጡ አይደል፣ በጀቱ ይቀነስ» የሚለው ሐሳብ የማይገባኝ ለዚህ ነው። ደሞዝ ብቻ ተከፍሎ ነዳጅና የመስክ አበል ከተቆረጠ ደግሞ ተመራማሪው ቢሮ ነው የሚውለው።

ቅሬታህ ላይ ግን እስማማለሁ። ጥሩ ዝርያ አለ ይባላል፣ ስትፈልገው የለም። አራቢ ዘሩ፣ ማለት የመጀመሪያው ንጹህ ዘር፣ ከማዕከሉ ይወጣል፣ ተባዝቶ መስራች ዘር ይሆናል፣ ከዚያ የተመሰከረለት ዘር ሆኖ ገበሬው ጋ መድረስ አለበት። መንገድ ላይ ነው የሚሳሳው። እኔ ራሴ አንድ ዓመት የተደባለቀ ዘር ተሽጦልኛል፤ ማሳው ላይ ቀይም ነጭም በቀለ። ስሙ የተረገመው ግን ምርምሩ ነው፣ ሻጩ አይደለም።

እዚህ ላይ ሕዝብ ካልደገፈ የሚሆን ነገር የለም። ድጋፍ ስልህ ጭብጨባ አይደለም። የሽንኩርት አበባን ንብ ነው የሚያዳቅለው። እኔ አዳማ ሬድ ለዘር አስቀምጬ ጎረቤቴ አጠገቤ የሌላ ዝርያ አበባ ቢያስወጣ፣ ዘሬ ተበላሸ ማለት ነው። ትሪፕስ ለሚባለው ጥቃቅን ተባይ ብሎ ጠዋት ንብ በሚሠራበት ሰዓት መድኃኒት ቢረጭ ደግሞ ንቡ ያልቅና አበባው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ በኛ መንደር ማን ምን እንደሚተክል ቀድመን እንነጋገራለን፣ ርጭትም አመሻሽ ላይ ነው። ይሄን ተመራማሪ ቢመጣም መንግሥት ቢያዝም ያለ ጎረቤት ስምምነት አይሠራም።

ወደ መሬትህ ልምጣ። እኔ ብሆን እሰጣለሁ። ግን ደህናውን መሬት ስጥ፣ ጥግ ላይ ያለውን ጨዋማውን አይደለም። ውኃ ማን እንደሚያጠጣ፣ ማዳበሪያው የማን እንደሆነ፣ ምርቱን ማን እንደሚወስድ በወረቀት ተፈራረሙ። አንተ የለመድከው ዝርያ ከነሱ ጎን በእኩል እንክብካቤ ይተከል በል፤ ያለዚያ ማወዳደሪያ የለህም። የመስክ ቀን (ሰው መጥቶ ሙከራውን የሚያይበት) ሲደረግ ካሜራ አለ ብለህ አታሞግስ። የነሱ ዝርያ ቶሎ የሚበሰብስ ከሆነ ተናገር። ደላላው በመጠኑ ወይም በቀለሙ ዋጋ ከጣለበት ያንንም ተናገር፣ እነሱ ይሄን ከቢሮ ሊያውቁት አይችሉም። ከመፈረምህ በፊት ደግሞ አጎራባቾችህን ሰብስበህ አናግር። ሙከራው ለዘር የሚያብብ ሽንኩርት ከሆነና እነሱ ካልተስማሙ፣ ሌላ ሰብል አምጡልኝ ብትላቸው ይሻላል።