ለባሕር ጥበቃ የግል ገንዘብ ከየት ይመጣል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ለባሕር ጥበቃ ገንዘብ በማፈላለግ ሥራ ዓመታት አሳልፌያለሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ባሕር የማንም ንብረት አይደለም። ታዲያ ባለሀብት ምን አገኛለሁ ብሎ ገንዘቡን ያወጣል?

መልስ፦ ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ፕሮጀክት ሲቀርብልኝ ስለ ኮራሉ (ባሕር ሥር ድንጋይ መሰል ክምር የሚሠሩ ሕያዋን ፍጥረታት) ውበት ከመስማቴ በፊት «ብሩን የሚመልሰው ማን ነው?» እላለሁ። ጎብኚ፣ ሆቴል፣ ኢንሹራንስ፣ የካርቦን ገዢ (ብክለቱን ለማካካስ ዕፅዋት ከአየር ለሚይዙት ካርቦን የሚከፍል) ወይም መንግሥት ነው፤ ስድስተኛ ከፋይ እስካሁን አልገጠመኝም። ዛንዚባር አጠገብ ያለችው የቹምቤ ደሴት የኮራል ክልል ከ1990ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በግል ድርጅት ትተዳደራለች፤ የጠባቂዎቹ ደመወዝ የሚወጣው እንግዶች ከሚከፍሉት ነው። ትንሽ ናት፤ ግን ከፋይዋ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ ቦንድ ምንድን ነው?

መልስ፦ ገንዘቡ ለባሕር ሥራ ብቻ እንዲውል ቃል የተገባበት የብድር ሰነድ ነው። በመንግሥት ደረጃ የመጀመሪያውን ሲሼልስ በ2018 ሸጠች፤ 15 ሚሊዮን ዶላር፣ ሦስት የግል ገዢዎች። ብዙዎች ወሬውን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ለእኔ ቁም ነገሩ ከጀርባው ያለው ነው፦ የዓለም ባንክ ለ5 ሚሊዮኑ ዋስ ሆነ፣ ግሎባል ኢንቫይሮንመንት ፋሲሊቲ የተባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ ሌላ 5 ሚሊዮን በዝቅተኛ ወለድ አበደረ። ወለዱ 6.5 በመቶ ሆኖ ሳለ አገሪቱ በተግባር የምትከፍለው ወደ 2.8 በመቶ ወረደ። የግል ገንዘብ የገባው የሕዝብ ገንዘብ ቀድሞ አደጋውን ስለተሸከመለት ነው።

ጥያቄ፦ ዕዳን በባሕር ጥበቃ መለወጥስ?

መልስ፦ ቤሊዝን እንይ። በ2021 የ553 ሚሊዮን ዶላር ዕዳዋን ከአበዳሪዎቿ በእያንዳንዱ ዶላር 55 ሳንቲም ሒሳብ ገዝታ ዘጋች፤ ለዚህም የአሜሪካ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋም ኢንሹራንስ የሰጠበት አዲስ ብድር ወሰደች። በምላሹ ከባሕሯ 30 በመቶውን ለመጠበቅ ቃል ገባች። ነገር ግን እንዲህ ያለው ስሌት በደንብ የሚሠራው ዕዳው ገበያ ላይ ሲረክስ ነው። የዕዳ ሰነዷ በሙሉ ዋጋ የሚሸጥ አገር ከዋጋ ቅናሽ የምትቆጥበው ነገር የለም። የአማካሪዎችንና የጠበቆችን ክፍያም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ትርፉን ሊበላው ይችላል።

ጥያቄ፦ ኮራልን ኢንሹራንስ መግባት ቀልድ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። የሜክሲኮዋ ኪንታና ሮ ግዛት በ2019 ገብታለች። ኮራሉ የማዕበሉን ጉልበት ከባሕር ዳርቻው ሆቴሎች በፊት ይሰብራል፤ ስለዚህ ጥገናው የሆቴሉም ጉዳይ ነው። ውሉ የጉዳት ግምገማ አይጠብቅም፤ የነፋሱ ፍጥነት ከተወሰነው ካለፈ ይከፈላል። በጥቅምት 2020 ዴልታ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታ 850,000 ዶላር ገደማ ተከፈለ፤ የሠለጠኑ ጠላቂዎችም የተሰበሩትን ኮራሎች ሰብስበው መልሰው አጣበቁ። ፍጥነት እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ነው፤ የተገነጠለ ኮራል ለወራት አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ የካርቦን ሽያጭስ?

መልስ፦ ለማንግሮቭ (በባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ ውስጥ ለሚበቅለው ዛፍ)፣ ለባሕር ሣርና ለጨዋማ ረግረግ ይሆናል፤ ለዓሣና ለኮራል አይሆንም። በኬንያ ጋዚ የባሕር ወሽመጥ ነዋሪዎች 117 ሄክታር ማንግሮቭ ጠብቀው ካርቦን ይሸጣሉ፤ ገቢው ለውኃና ለትምህርት ቤት ይውላል።

ጥያቄ፦ ዓሣ አጥማጆቹን ማን ያስባቸዋል?

መልስ፦ ውሉ ካላሰባቸው ማንም። የዓሣ ማጥመጃው ቦታ ለጥበቃ ሲባል ከመዘጋቱ በፊት ካሳው ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍልና በስንተኛው ወር እንደሚደርሳቸው ይጻፍ። ይህ አንቀጽ የሌለበትን ሰነድ ለባለሀብት አላቀርብም።