ኤሌክትሮፋይልና ኑክሊዮፋይል፦ ለተማሪዎች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ሁሉ ኤሌክትሮፋይል ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። አዲስ ቦንድ ሲፈጠር ጥንድ ኤሌክትሮኖችን የሚሰጠው ኑክሊዮፋይል፣ የሚቀበለው ደግሞ ኤሌክትሮፋይል ነው። የአሞኒየም አዮን ፖዘቲቭ ቻርጅ ቢኖረውም፣ ናይትሮጅኑ በአራት ቦንዶች ስምንት ኤሌክትሮኖቹን ስላሟላ ተጨማሪ ጥንድ የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ቦሮን ትራይፍሎራይድ በአንጻሩ ምንም ቻርጅ ሳይኖረው፣ በቦሮኑ ዙሪያ ያሉት ኤሌክትሮኖች ስድስት ብቻ በመሆናቸው የአሞኒያን ጥንድ በቀላሉ ይቀበላል።

ጥያቄ፦ የአልዲሃይድ ካርቦን ግን ስምንት ኤሌክትሮኖች አሉት። ታዲያ እንዴት ኤሌክትሮፋይል ይሆናል?

መልስ፦ ባዶ ቦታው አስቀድሞ መኖር የለበትም፤ በሪአክሽኑ ሂደት ሊከፈት ይችላል። ኦክስጅን ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ ስለሚስብ ካርቦኑ በከፊል ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ኑክሊዮፋይሉ ሲጠጋም የፓይ ቦንዱ (በካርቦንና በኦክስጅን መካከል ካለው ድርብ ቦንድ ደካማው ክፍል) ተሰብሮ ጥንዱ ወደ ኦክስጅኑ ይሄዳል። በሜቲል አዮዳይድ ላይ ደግሞ ቦታውን የሚለቀው አዮዳይዱ ነው።

ጥያቄ፦ ጠንካራ ቤዝ ሁሉ ጠንካራ ኑክሊዮፋይል ነው?

መልስ፦ ብዙ ተማሪ ፈተና ላይ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የቤዝ ጥንካሬ የሚለካው ከፕሮቶን ጋር በሚደረስበት ሚዛን ሲሆን፣ የኑክሊዮፋይል ጥንካሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካርቦንን በሚያጠቃበት ፍጥነት ይለካል። ተርት-ቡቶክሳይድ ብርቱ ቤዝ ሆኖ ሳለ፣ በኦክስጅኑ አጠገብ የተጨናነቁት ሦስት የሜቲል ቡድኖች ወደ ካርቦን እንዳይጠጋ ስለሚያግዱት ደካማ ኑክሊዮፋይል ነው። አዮዳይድ በተቃራኒው እጅግ ደካማ ቤዝ ቢሆንም በውሃና በሜታኖል ውስጥ ከሃሎጅን አዮኖች ሁሉ ፈጣኑ ነው፤ ትንሹ ፍሎራይድ በእነዚህ አሟሚዎች የሃይድሮጅን ቦንድ በጥብቅ ተከብቦ ይያዛልና። አሟሚው ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ ከሆነ ግን ይህ ከበባ ይቀርና ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ፍሎራይድ ይቀድማል። ስለዚህ አሟሚው ሳይጠቀስ የተሰጠ የጥንካሬ ዝርዝር ብዙም አይታመንም።

ጥያቄ፦ ስያሜዎቹን ያስተዋወቀው ማን ነው?

መልስ፦ እንግሊዛዊው ኬሚስት ክሪስቶፈር ኢንጎልድ፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ።

ጥያቄ፦ ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን benzene የሚባለው ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት) ነጻ ጥንድ ኤሌክትሮን የለውም። እሱም ኑክሊዮፋይል ይባላል?

መልስ፦ በናይትሬሽን (የናይትሮ ቡድን በቀለበቱ ላይ በሚተካበት ሪአክሽን) ጊዜ እንደዚያ ይሠራል። ናይትሪክና ሰልፈሪክ አሲድ ሲቀላቀሉ የሚፈጠረው የናይትሮኒየም አዮን ኤሌክትሮፋይል ሲሆን፣ ጥንዱን የሚሰጡት የቀለበቱ የፓይ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ይሁንና ቤንዚን አሮማቲክ እርጋታውን (የፓይ ኤሌክትሮኖቹ በቀለበቱ ዙሪያ በመሰራጨታቸው የሚያገኘውን እርጋታ) ለጊዜው ማጣት ስላለበት ደካማ ኑክሊዮፋይል ነው፦ ሳይክሎሄክሲን የብሮሚንን ቀለም ያለ ካታሊስት ወዲያው ሲያጠፋ፣ ቤንዚን ግን እንደ አይረን ብሮማይድ ያለ ካታሊስት ያስፈልገዋል።