«ቅር ይልሻል?» ሲሉሽ «አዎ» አትበይ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። በቅርቡ ለቡና ጉዳይ የመጣ አንድ የውጭ አገር ሰው ክፍሉን ለቆ ሂሳቡን ከዘጋ በኋላ፣ ማታ እስኪሄድ ድረስ ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊያይ አሰበ። ሻንጣውን እያሳየኝ «ዉድ ዩ ማይንድ ኪፒንግ ማይ ባግ?» አለኝ። እኔም ፈገግ ብዬ «ዬስ፣ ዬስ!» አልኩት። ሰውየው ፊቱ ቅይር አለ። «ኦ፣ ሶሪ» ብሎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሊወጣ ሲል ሮጬ ከእጁ ተቀበልኩት። «እሺ» ማለቴ ነበር እኮ! ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እንኳንም ሮጥሽ፣ ልጄ! ሰውየው የጠየቀሽ «ሻንጣዬን ታስቀምጪልኛለሽ?» ብሎ አይደለም፤ «ብታስቀምጪልኝ ቅር ይልሻል?» ብሎ ነው። አንቺም «አዎ፣ አዎ!» አልሽው፣ ያውም እየሳቅሽ። ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ነገሩ እኛም ዘንድ አለ። ከጅማ ወደ አጋሮ ስትሄጂ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው «መስኮቱን ብከፍተው ቅር ይልሻል?» ቢልሽ «አዎ» አትይውም፤ «ኧረ ምን ቅር ይለኛል፣ ክፈተው» ነው የምትይው። (ከኋላ «ንፋስ መታኝ፣ ዝጉት!» የሚል አይጠፋም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) በአማርኛ አፍሽ አይሳሳትም። በእንግሊዝኛ የሚያሳስትሽ «ማይንድ»ን ዘለሽ «ኪፒንግ ማይ ባግ» የሚለውን ብቻ ስለምትሰሚ ነው።

እንግሊዞቹ ለምን እንዲህ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ ብትይኝ፣ በእኔ ግምት «እርስዎ» የላቸውም። እኛ «ያስቀምጡልኝ» ስንል አክብሮቱ ግሱ ውስጥ ገብቶ አልቋል። በኦሮምኛም «አቲ» ለማን፣ «ኢሲን» ለማን እንደሚባል ጅማ ያደገ ልጅ አይስተውም። እንግሊዝኛ ግን ድሮ ለአንድ ሰው ይለው የነበረውን «ዛው» ከዕለት ንግግር ካወጣ ቆይቷል። ዛሬ ለሕፃኑም ለንጉሡም «ዩ» ነው። አክብሮቱን እንግዲህ ጥያቄው ላይ ይጭኑታል። «ኪፕ ማይ ባግ» ትእዛዝ ነው፤ «ፕሊስ» ቢለጠፍበትም ትእዛዝነቱ አይለቀውም። «ዉድ ዩ ማይንድ» ሲሉሽ ግን እምቢ የምትይበትን በር ከፍተው ነው የሚጠይቁሽ።

መልሱ እንግዲህ «ኖት አት ኦል» ነው፤ «ኖ፣ ኦፍ ኮርስ ኖት»ም ይሆናል። እጅሽ አብሮ ወደ ሻንጣው ይዘርጋ። አፋቸውን በቋንቋው የፈቱ ሰዎች ሲያወሩ ብትሰሚ «ሹር» ወይም «ዬስ፣ ሹር» እያሉም ይስማማሉ፤ ሰዋስው አጥባቂ ቢቆጣም የተለመደ ነው። እነሱን የሚያድናቸው ድምፃቸውና እጃቸው ነው፤ ዕቃውን እየተቀበሉ ስለሚሉት ማንም አይሳሳትም። አንቺ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆመሽ ባዶ «ዬስ» ስላልሽ ነው ሰውየው የተሸማቀቀው። በእርግጥ ቅር ካላቸው ደግሞ ባዶ «ዬስ» ብለው አይተዉትም፤ «ሶሪ» ብለው ምክንያታቸውን ያስከትላሉ።

ሳስተምር ተማሪዎቼን ስቆጣበት የኖርኩት ሌላ ነገር አለ፤ «ዉድ ዩ ማይንድ ቱ ዌይት» ይሉኛል። ከ«ማይንድ» በኋላ «ቱ» አይገባም፤ «ዌይቲንግ» ነው፣ «ኪፒንግ» ነው። ሥራውን የምትሠሪው አንቺ ራስሽ ከሆንሽና ፈቃድ የምትጠይቂ ከሆነ ደግሞ «ዉድ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ኦፕንድ ዘ ዊንዶው?» ትያለሽ። «ኦፕንድ» ኃላፊ ጊዜ ቢመስልም ስለ ትናንት አይደለም፤ የእኛው «ብከፍት» ነው። በ«ዱ ዩ ማይንድ» ከጀመርሽው «ኦፕን» ይበቃል። በንግግር ሁለቱን የሚቀላቅል ብዙ ነው፤ ለፈተና ካልሆነ በቀር አትጨነቂበት።

ለሥራሽ የሚጠቅምሽን ልጨምርልሽ። መኝታ ክፍል ውስጥ የሚያጨስ እንግዳ ካጋጠመሽ «ዉድ ዩ ማይንድ ኖት ስሞኪንግ ሂር?» በይው። «ኖት»ን ከ«ስሞኪንግ» በፊት አስገቢ እንጂ «ዶንት ስሞክ» ብለሽ ፊቱ ላይ አትጩኺ። ተራ ጥሶ የገባን ሰው አንዱ ዓይኑን አፍጥጦ «ዱ ዩ ማይንድ!» ሲለው ከሰማሽ ግን ያ ጥያቄ እንዳይመስልሽ። «ኧረ ሰውዬ፣ ምን ማለትህ ነው!» እያለው ነው። መልስ አይሰጥበትም፤ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ጥያቄ፦ የለንደን ባቡር ላይ «ማይንድ ዘ ጋፕ» የሚባለውም ቅር ስለመሰኘት ነው? (የመሰናዶ ተማሪ፣ ከሂርማታ)

መልስ፦ አይደለም። «ማይንድ» በትእዛዝ ሲመጣ «ልብ በል፣ ተጠንቀቅ» ነው። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በባቡሩና በመሳፈሪያው መካከል ያለውን ክፍተት እንዲያስተውሉ ተሳፋሪዎችን የሚያስጠነቅቅበት ነው። በሩ ዝቅ ያለ ቤት ላይ «ማይንድ ዩር ሄድ» ተጽፎ ብታይ ጎንበስ በል።

ጥያቄ፦ እንግዶችን ቡና ጫካ ውስጥ አስጎበኛለሁ። «በእግር እንሂድ ወይስ በመኪና?» ሲሉኝ ለእነሱ ምርጫ ልተው ብዬ «አይ ዶንት ኬር» አልኳቸው። ዝም ዝም ተባባልን። ለምን? (ከአጋሮ)

መልስ፦ «ምን አገባኝ» ስላልካቸው ነዋ! አንተ የፈለግኸው «አይ ዶንት ማይንድ» ነበር፤ «ለእኔ ሁለቱም ደስ ይለኛል፣ እናንተ እንዳላችሁ» ማለት ነው። አንድ ቃል ብትለውጥ ኖሮ ፈገግ ብለው ይከተሉህ ነበር። ዳሩ እነሱም መልሰው «ዊ ዶንት ማይንድ» ሊሉህ ይችላሉ፤ ያኔ ስትተያዩ ረፋዱ ያልፋል። አስጎብኚው አንተ ነህና ፀሐይ ሳትበረታ በእግር አስጀምራቸው።