ፕሮጀክቱ የማን ነው? በግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ለጀመራችሁ

በግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር የጀመራችሁ ወጣቶች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ጠመኔ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ወሬ ባበዛ ታገሱኝ።

«ልጆች በእጃቸው እየሠሩ ይማራሉ» የማይል ብሮሹር የለም። ችግሩ ክፍል ውስጥ ሲገባ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ይሄን ነው፦ መምህሯ ማታ ቤቷ ቁጭ ብላ ካርቶኑን ትቆርጣለች፣ መስመሩን ታሰምራለች፣ በነጋታው ልጆቹ ማስቲሽ ቀብተው ያጣብቃሉ። ክፍሉ ሙሉ ልጅ አንድ ዓይነት ቤት ይሠራል። የወላጆች ቀን ይደርሳል፣ ግድግዳው ያምራል፣ ፎቶ ይነሳል። በዚህ ሁሉ መሀል አንድም ልጅ አንድም ነገር አልወሰነም። እኔ እንዲህ ያለውን ፕሮጀክት ብዬ አልጠራውም። (እቤት የተሰጠ ከሆነ ደግሞ የሠራችው እናቱ ናት። ሁላችንም እናውቃለን፣ ዝም እንላለን እንጂ።)

ስለዚህ ቁሳቁስ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ሥራው ሲያልቅ ማን ይጠቀምበታል? ልጆቹ ራሳቸው የሚወስኑትስ ምንድን ነው? የመጀመሪያው መልስ «ግድግዳው» ከሆነ ተዉት፤ ያንን ጊዜ ማንበብ ቢለማመዱበት ይሻላቸዋል።

አንድ ምሳሌ ላምጣ። የአራተኛ ክፍል ልጆች ለጓሮው አትክልት ከጣራ ላይ የዝናብ ውሃ እንሰብስብ አሉ እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ሊትር ይገኛል የሚለው ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ይሄን ብትነግሯቸው ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል፣ ግን አያምኑም። ደልደል ያለ ቦታ ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ዘርጉ፣ ዙሪያውን በእንጨት ከፍ አድርጉት፣ 10 ሊትር ውሃ አፍስሱበትና ማስመሪያ ስጧቸው፤ 10 ሚሊ ሜትር መሙላት አለበት። ያቺን ስስ ውሃ ጎንበስ ብለው ሲለኩ፣ አንዱ «አይ አነሰ» ሌላው «ወለሉ ዘሟል» ሲሉ ትሰማላችሁ። ወለሉ መዝመሙን ያየው ልጅ የዚያን ቀን ከመጽሐፉ በላይ ተምሯል።

ቀጥሎ ጣራው ይመጣል። እዚህ ጋ ጥሩ ጭቅጭቅ አለ። ጣራው ያዘነበለ ነው፤ ታዲያ የምንለካው ተዳፋቱን ነው ወይስ ከሥሩ ያለውን መሬት? አትመልሱላቸው! ካርቶን አዘንብለው፣ ከላይ ውሃ ረጭተው እስኪደርሱበት ጠብቁ። ዝናቡ ቀጥ ብሎ ከወረደ የሚቆጠረው ጣራው የሸፈነው የመሬት ስፋት ነው። 8 ሜትር በ5 ሜትር ከሆነ 40 ካሬ ሜትር፤ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 400 ሊትር። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በ5 ሚሊ ሜትር ይሞላል ማለት ነው። በወረቀት ላይ። ከአሸንዳው የሚፈስ አለ፣ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ውሃ መድፋትም ያስፈልጋል። ስሌቱና በርሜሉ ለምን እንዳልተስማሙ መፈለግ ራሱን የቻለ የሳይንስ ትምህርት ነው።

ከዚያ አትክልተኛው መጥቶ «ባልዲዬ ከበርሜሉ ቧንቧ ሥር አይገባም» ይላቸዋል። እኔ የምወዳት ቦታ ይቺ ናት። መምህር «ጎበዝ» ብሎ ያልፋል፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን አያልፍም። ልጆቹ በርሜሉን ከፍ ማድረግ አለባቸው፣ ሲሞላ ደግሞ ውሃው ብቻ 200 ኪሎ ስለሚመዝን መቆሚያው ጠንካራ መሆን አለበት። እሱን አዋቂ ይሥራው፤ ክዳኑም በደንብ ይገጠም፣ ለወባ ትንኝም ለትንንሽ ልጆችም ሲባል።

ወላጆች ይመጣሉ። «የከፈልኩት ጭቃ እንዲያቦካ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አትቆጡ፣ ገንዘቡን የሚያወጣው እሱ ነው። የልጁን ደብተር ክፈቱና ልኬቱን፣ ስሌቱን፣ የተሰረዘውን ሁሉ አሳዩት። ይሄ ጥያቄ ድሮም ነበር። አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ጆን ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1896 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆች ጥጥና ሱፍ በእጃቸው ይሠሩ ነበር። 30 ደቂቃ ሙሉ ጥጡን ከፍሬው ሲለዩ ቆይተው ያገኙት 28 ግራም እንኳን አልሞላም። ቅድመ አያቶቻቸው ከጥጥ ይልቅ ለምን ሱፍ ይለብሱ እንደነበር ገባቸው። ታሪክ በጣት ጫፍ እንዲህ ይገባል።

ግን አታጋንኑት። የማባዛት ሰንጠረዥ የማያውቅ ልጅ የጣራውን ስፋት አያሰላም። ንባብና ሒሳብ በግልጽ መማር፣ መደጋገምም ይፈልጋሉ፤ «ሁሉም በፕሮጀክት» የሚል ዳይሬክተር ካጋጠማችሁ በትሕትና ተከራከሩት። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሥርዓተ ትምህርት የሚያስገድደው የተለያዩ ትምህርቶችን ያጣመረ ሥራ ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲኖር ነው። በዓመት አንዴ! በየሳምንቱ አዲስ ፕሮጀክት የሚጠይቃችሁ ሰው ፎቶ ነው የሚፈልገው።

ስለ ማኅበረሰብ ሥራ ደግሞ ትንሽ ልቆጣ። የግል ትምህርት ቤት ልጆችን ዩኒፎርም አልብሶ፣ አሮጌ ልብስ አስይዞ፣ ለተቸገሩ ሰጥቶ ካሜራ ፊት መቆም የተለመደ ነው። ልብሱ መሰጠቱ መልካም ነው። ልጁ ግን የሚማረው እሱ ሁልጊዜ ሰጪ፣ የጎረቤት ሰው ሁልጊዜ ተቀባይ መሆኑን ነው። እስቲ ገልብጡት። አናጺው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ነርሷ መጥተው ልጆቹን ያስተምሩ። ልጆቹም ወጥተው ምን እንደሚያስፈልግ ይጠይቁ፣ መልሱንም ይስሙ፤ እናንተ ዛፍ መትከል አቅዳችሁ ሰዉ የሚፈልገው የሚቀመጥበት አግዳሚ ሊሆን ይችላል። ያኔ ዛፉን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጎበኘው፣ ሬጂዮ ኤሚሊያ በምትባል የጣሊያን ከተማ ያለው የሕፃናት ትምህርት አጀማመሩ ይሄን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1945 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ፣ ከከተማዋ አጠገብ ያለች ቪላ ቼላ የምትባል መንደር ሰዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን ታንክ፣ የጭነት መኪናና ፈረስ ሸጠው፣ ከፈረሱ ቤቶች ጡብ ለቅመው ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። ሎሪስ ማላጉዚ የሚባል ወጣት መምህር ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት ሄዶ አየ፣ ከዚያም አብሯቸው ቀረ። የጀመረው መንደሩ ነው፣ መምህሩ ኋላ ነው የደረሰው።

ጥቃቅኑን በአጭሩ ልጨርስ። ቡድን ስትሠሩ መዶሻው ማን እጅ እንዳለ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ወንዶቹ ይመታሉ፣ ሴቶቹ ቀለም ይቀባሉ፤ አዟዙሯቸው። ሁሉን ነገር «እኔ ልሥራው» የሚለውን ጎበዝ ልጅ አንዳንዴ መዝጋቢ አድርጉት። የተበላሸውን ሥራ አትጣሉ፣ ከተሠራው ጎን አስቀምጡት። ክፍለ ጊዜው ከማለቁ 15 ደቂቃ በፊት መሣሪያ ይሰብሰብ፣ ወለሉንም ልጆቹ ራሳቸው ያጽዱ። የደረቀ ማስቲሽ ከወለል ሲፋቅ ምን እንደሚመስል የጽዳት ሠራተኞቹን ጠይቁ። ካኮረፉባችሁ ዳይሬክተሩ የፈቀደውም ፕሮጀክት ቢሆን አይሳካም፤ ስለዚህ ለእነሱ አስቀድማችሁ ንገሩ።