እንጀራ መተውና የወገብ ልክ፦ ጥያቄና መልስ

በሥነ ምግብ ሥራዬ ክብደታቸው በጣም የጨመረ እህቶች ብዙ ይጠይቁኛል። "በጣም" ስል ልክ አለው። ኪሎውን በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ አካፍሉት። 40 ከደረሰ ከባድ ውፍረት ይባላል። ቁመቷ 1.60 ሜትር የሆነ ሴት 103 ኪሎ ስትሆን እዚያ ደርሳለች።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ እንጀራ፣ ዳቦና ፓስታ ከተውኩ 10 ቀኔ ነው። 4 ኪሎ ቀነስኩ። በዚሁ ይቀጥላል?

መልስ፦ አይቀጥልም፣ የኔ እህት። አብዛኛው ውሃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ስኳር ሲያጠራቅሙ ለ1 ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይቀመጣል። በእንጀራ፣ በዳቦና በፓስታ የሚበዛው ካርቦሃይድሬት (ሰውነት ወደ ስኳር የሚለውጠው) ሲቀንስ ክምችቱ ያልቃል፣ ውሃውም በሽንት ይወጣል። ሰርግ ውለሽ በማግስቱ ሁለት ኪሎ ተመልሶ ብታገኚው አትደንግጪ።

ጥያቄ (ከስታዲየም አካባቢ)፦ መንገድ ዳር ከሚመዝኑት ልጆች አንዱ ጋ ወጣሁ። መርፌው ጥግ ደርሶ ቆመ። ልጁም አላፊ አግዳሚውም ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ አልተመዘንኩም።

መልስ፦ ጥፋቱ የሚዛኑ ነው። እንደዚያ ያሉ ትንንሽ ሚዛኖች ብዙዎቹ ከ120 ወይም ከ130 ኪሎ በላይ አይቆጥሩም። ለጊዜው ተይውና የልብስ ሰፊ ሜትር ግዢ። እሱም 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልቃል፤ ካልደረሰ በገመድ ለክተሽ ገመዱን በሜትር ለኪ።

ዋናው ነገር ቦታው ነው። ብዙ ሰው በእምብርት ላይ ይለካል። ሆድ ሲከብድ ግን እምብርት ወደ ታች ይወርዳል፣ ስትከሺ ይመለሳል። ስለዚህ በየወሩ የምትለኪው ሌላ ቦታ ይሆናል። የመጨረሻውን የጎድን አጥንትና የዳሌ አጥንትሽን ጫፍ በጣትሽ ፈልጊ፤ መሃላቸው ላይ ለኪ። ቆመሽ፣ ትንፋሽ አስወጥተሽ፣ ሜትሩ ሳይጠብቅ። አጥንቱ በቀላሉ አይገኝምና እህትሽ ወይም ጎረቤት ከኋላ ሜትሩን ታስተካክልልሽ። ለሴት ከ88 ሴንቲ ሜትር በላይ ወገብ ለስኳርና ለልብ ሕመም ያጋልጣል ይባላል። አንቺ ግን 88ን ካለፍሽ ቆይተሻል። ካለፈው ወር ስንት እንደቀነሰ ተመልከቺ።

የክንድሽንም ልክ ያዢ። ደም ግፊት ስትለኪ ጨርቁ ለክንድሽ ከጠበበ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። ትልቁን ጠይቂ፣ አትፈሪ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ካርቦሃይድሬት መቀነስ ቅባት ከመቀነስ ይበልጣል?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ አዎ። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ በ53 ወፍራም ሴቶች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በ6 ወር 8.5 ኪሎ፣ ቅባት የቀነሱት 3.9 ኪሎ ቀነሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን 609 ሰዎችን ለ1 ዓመት ተከታትሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6.0፣ ቅባት የቀነሱት 5.3 ኪሎ እንደቀነሱ አገኘ። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እኔ የምመርጠው ዓመቱን ሙሉ የምትበዪውን ነው።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ የስኳር መርፌ እወስዳለሁ። ልጄ እንጀራ ተዪ ትለኛለች።

መልስ፦ እናቴ፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይጀምሩ። ምግቡ ቀንሶ መድኃኒቱ እንደ ድሮው ከቀጠለ ስኳርዎ በጣም ሊወርድ ይችላል። መጠኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መስተካከል ይኖርበታል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ በጾምስ?

መልስ፦ ይከብዳል። እንቁላልና ሥጋ የለም፣ ሽሮውና ምስሩም ካርቦሃይድሬት አላቸው። ግን ፕሮቲንና ፋይበርም አላቸውና አትሽሿቸው። እንጀራውን በግማሽ ቀንሺ፤ ጎመን፣ አቮካዶ፣ እንጉዳይና ተልባ ጨምሪ። ከጾም ቤት የምትገዢውን ሳምቡሳ ግን እርሺው።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ ክትፎ በቆጮ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ክትፎው ይሁንልሽ። ቆጮው ግን ከሞላ ጎደል ስታርች፣ ማለትም ካርቦሃይድሬት ነው። በጎመንና በአይብ ብዪው።