መልስ፦ ሴንሰር ተቀይሮም የሚመለስ የ«ፒ0016» ኮድ
መኪናዎ «ፒ0016» (P0016) የተባለውን የሞተር ብልሽት ኮድ አሳይቶ፣ የካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ሴንሰር ቢቀይሩም ኮዱ ለምን እንደተመለሰ ጠይቀዋል። ይህ አያስደንቅም፤ «ፒ0016» የሚናገረው ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) እና ካምሻፍቱ የሚልኩት ምልክት እርስ በርስ አለመገጣጠሙን እንጂ የሴንሰሩን መበላሸት አይደለምና። የሴንሰሩን የኤሌክትሪክ መስመር የሚመለከተው «ፒ0340» ነው። ስለዚህ ሌላ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የሞተር ዘይቱን መጠንና ንጽሕና ይመልከቱ፤ ሞተርዎ የቫልቭ ታይሚንጉን (ቫልቮቹ የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ጊዜ) በዘይት ግፊት የሚለዋውጥ ከሆነ፣ የቆሸሸ ዘይት፣ የዘይቱን ፍሰት የሚቆጣጠረውን ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ) አጣብቆ ካምሻፍቱ ወደ ቦታው እንዳይመለስ ሊያደርገው ይችላል። ብዙ ኪሎ ሜትር በሄደ መኪና ላይ ግን እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው የታይሚንግ ካቴናውን (ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኘውን ሰንሰለት) መለጠጥ ነው፤ በተለይም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንዶች የመንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ። ይህን ለማረጋገጥ ሽፋኑ ተከፍቶ፣ ክራንክሻፍቱ በእጅ እየዞረ አንደኛው ፒስተን ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ካቴናው በሚዞርባቸው ጥርሳም ጎማዎች ላይ ያሉት ምልክቶች መገጣጠማቸው ይታያል። ካቴናው ጥርስ ዘሎ ከተገኘ፣ በብዙ ሞተሮች ፒስተንና ቫልቭ ሊጋጩ ስለሚችሉ፣ እስኪስተካከል ድረስ ሞተሩን አያስነሱ።